የአጎቴ ብሩሽ እና የእማዬ ጀበና

ደሴ ውስጥ ሁለት ነገሮች አይቀለድባቸውም። አንዱ ቡና ነው። ሌላው ጡረታ የወጣ ወታደር ዕቃ ነው። እኛ ቤት ሁለቱም የሚቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መዘዙም የመጣው ከዚያው ነው።

አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ወታደር ቤት እያለ በሽጉጥ ተኩስ ይወዳደር ነበር፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆነ። ጡረታ ሲወጣ ጓዙን ጠቅልሎ እኛ ጋ ገባ። ጓዙም ብዙ አይደለም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ፈቃድ የወጣለት ማካሮቭ ሽጉጥ፣ ደግሞም ውጅግራ የሚባለው የአያቴ የድሮ ጠመንጃ ቀለሆች የሞሉበት የብስኩት ቆርቆሮ። ውጅግራው ራሱ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ውርስ ሲከፋፈል ለእኛ የደረሰን ባዶ ቀለህ ነው። በዚህ ጉዳይ ዘመድ አዝማድ አሁንም እንደተኳረፈ ነው፤ አልገባበትም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፓሪስ ኦሊምፒክ መጣ። ሰዉ ሁሉ ሩጫ ሲጠብቅ አጎቴ ተኩስ ይጠብቃል። የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች ብቅ አለ። ታስታውሱታላችሁ፤ ዓለም ጉድ ያለለት ሰውዬ። ብዙው ተወዳዳሪ ልዩ መነጽርና የዓይን መከለያ ደርድሮ ሲቆም፣ እሱ በቲሸርትና በዘወትር መነጽሩ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በቡድን የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ያኔ ዕድሜው 51 ነበር፤ የቱርክ ጀንዳርም (የወታደር ዓይነት ፖሊስ) ጡረተኛ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ሰማህ? ጡረተኛ ነው!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እጁ ከኪሱ አልወጣም። እንጀራ ሲበላም፣ ሰው ሲጨብጥም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥም ኪሱ ውስጥ ነው።

እሱ ለውድድር ዕድሜዬ አልፏል ብሎ እኔን ሊያሠለጥን ቆረጠ። ቱርኩን እያየ እንዴት ዕድሜ እንዳነሳ እስካሁን አልገባኝም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሕይወቴ የያዝኩት ከባዱ መሣሪያ ስቴፕለር ነው።

የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በአንድ እጅ ብቻ ይዘህ፣ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ትተኩሳለህ። 10 ነጥብ የሚያሰጠው የመሃሉ ክብ ግን ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዲት ባቄላ ብትለጠፍበት ትሸፍነዋለች። ሽጉጡ ደግሞ እስከ 1.5 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ክንድን ዘርግቶ ሳይንቀጠቀጡ መቆም መለማመድ ያስፈልጋል። አጎቴ ማካሮቩን አያስነካኝም፤ "ሽጉጥ መጫወቻ አይደለም" ነው ቃሉ። የአየር ሽጉጥ የለንም። ዓይኑን በቤቱ ውስጥ አዟዟረ። ጀበናው ላይ አረፈ።

ውሃ ሞላበት። ሱቅ ወስዶ አስመዘነው። ትንሽ ጨለጥ፣ ትንሽ ጨመር አድርጎ ኪሎ ተኩል ላይ ሲያደርሰው ፊቱ በራ።

"ጎንህን ለኢላማው ስጥ። ግራ እጅህን ኪስህ ክተት። ክንድህን ዘርጋ። ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ። ኢላማውን እንዳታይ! የፊት ማነጣጠሪያውን እይ፤ ኢላማው ይደብዝዝልህ።"

ይሄ እንኳ እውነት ነው። ዓይን ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። የሽጉጥ ተኳሾች የሚመርጡት የፊት ማነጣጠሪያውን ነው። ጀበና ግን ማነጣጠሪያ የለውም።

"ጋሼ፣ ምኑን ነው የማየው?"

"ጡቱን!"

የጀበናውን ጡት ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተካክዬ፣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃው በብብቴ እየወረደ ቆምኩ። አጎቴ በሰዓት ይቆጥርልኛል። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። የዕድር ገንዘብ ሰብሳቢው ነው። አየን። አየነው። ቀጥሎ ጀበናው የተደገነበትን ግድግዳ አየ።

"ሥልጠና ላይ ነን" አለ አጎቴ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ።

ሰውዬው መዋጮውን ሳይቀበል ወጣ። ለዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ ይሄ ከባድ ነገር ነው። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት እማዬን ጥግ ይዛ "ልጁን ጠበል ሞክራችኋል?" ብላ ጠየቀቻት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እሁድ እሁድ፣ በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ፣ አጎቴ ማካሮቩን ያጸዳል። ይህን ሲያደርግ ቤት ውስጥ አይወራም፤ ሬዲዮውም ይዘጋል። መጀመሪያ ካዝናውን ያወጣል። ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን በዓይኑም በጣቱም ይፈትሻል። "ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ ነው ሰው የሚገድለው" ይላል፤ ሁልጊዜ፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ የምላጩን ከለላ ወደ ታች ይጎትትና ሽጉጡን ይፈታዋል። በርሜሉ ላይ የተጠመጠመችው ሞላ ትወጣለች። አንዴ ሞላዋ አምልጣ ከሶፋው ሥር ገብታ ቤተሰቡ በሙሉ በደረቱ ተስቧል። በመጨረሻ በርሜሉን በነሐስ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ፣ ስስ ዘይት ይቀባዋል። ስስ ነው ያልኩት። ዘይት ሲበዛ አቧራና ጥላሸት ይሰበስባል፤ ይሄን የሚያስተምረን ራሱ ነበር።

አንድ እሁድ ደግሞ ፈረንጆቹ ጥይት እቤታቸው እንዴት እንደሚሞሉ ላሳይህ አለኝ። ውጭ ሀገር ብዙ የስፖርት ተኳሾች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም። ወጪ ይቆጥባሉ፤ ጥይቱንም ለሽጉጣቸው እንዲስማማ አድርገው ይሠሩታል። በእኛም ሀገር የጥንቶቹ ቀለህ ይሞሉ ነበር። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብም አገልግሏል። ዛሬ ግን ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ስለሆነ፣ ትምህርቱ የተሰጠው በቡና ዱቄትና በባቄላ ነው።

"ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ ወደ መጠኑ ይመለሳል። ከታች ያለችው የእሳት ቆብ ትቀየራለች። ባሩዱ ተመዝኖ ይገባል" አለና አንድ ማንኪያ የእማዬን ቡና የአያቴ ቀለህ ውስጥ ጨመረ። "አሁን ስልክ ተደወለ እንበል። ሐሳብህ ተከፈለ። ረስተህ ድጋሚ ጨመርክ።" ሌላ ማንኪያ። "ባሩድ ሁለቴ ከገባ ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል!"

"ቡናዬ ሦስተኛ ከገባ ደግሞ ቤቱ ይፈነዳል!" አለች እማዬ ከጓዳ።

ትምህርቱ በዚሁ ተቋረጠ። ባቄላዋን እህቴ በላቻት። ቀለሆቹን የጎረቤት ልጆች ወስደው እያፏጩባቸው ሰፈሩን አደነቆሩት።

አሁን ስለ ብሩሹ። አጎቴ ብሩሹን ካጠበ በኋላ መስኮቱ ላይ ያደርቀዋል። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብ የነሐስ ሽቦ። እማዬ አየችው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የጀበና አንገት በጣቷ፣ በእንጨት፣ በጨርቅ ስትታገል የኖረች ሴት ናት። ብሩሹን ጀበናው ውስጥ ሰደደችው። ልክክ አለ! ላይ ታች አደረገችው። የዓመታት አተላ ተንሸራቶ ወጣ። አጥባ እዚያው መስኮቱ ላይ መለሰችው። ለማንም አልተናገረችም። "ጋሼ ዕቃው ሲነካበት ስለማይወድ ነው" አለችን በኋላ። ነገሩ ልማድ ሆነ።

በቀጣዩ እሁድ አጎቴ በርሜሉን ፈግፍጎ ጨርቁን ሲያወጣው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ወደ ብርሃን አስጠጋው። ፊቱ ተለወጠ።

"ዝገት" አለ በቀስታ።

በሠላሳ ምናምን ዓመት የወታደር ሕይወቱ የእሱ መሣሪያ ዝጎ አያውቅም። ጥፋቱን የደሴ ጉም ላይ ጣለው። "ከጦሳ የሚወርደው እርጥበት ነው" አለና ዘይት ጨመረ። እማዬ ብሩሹን ወሰደች፤ ዘይቱ ጀበናው ውስጥ ገባ። ብሩሹ የጀበናውን አተላ ይዞ ተመለሰ፤ ጨርቁ ከበፊቱ የባሰ ቡናማ ሆነ። አጎቴ አሁንም ዘይት ጨመረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ለአንዱ እየመገበ ሄደ። አጎቴ እንቅልፍ አጣ። ሌሊት እየተነሳ ሽጉጡን በባትሪ የሚያይበት ጊዜ ነበር። እማዬ በበኩሏ ሲኒው ላይ የሚንሳፈፈውን ወዝ እያየች "የዘንድሮ ቡና ቅባት አለው፣ ሸጋ ነው" ትላለች። እኛም ቅባት አለው ብለን ጠጣን። አጎቴ ብቻ አንድ ቀን በርሜሉን አሽትቶ "ይሄ ነገር ቡና ቡና ይላል" አለ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኛ ቤት ቡና ቡና የማይል ነገር የለም።

ጉዱ የፈነዳው የቡናው ተራ የእኛ የሆነ ዕለት ነው። ሰፈሩ ተሰብስቧል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ እጣኑ ይጨሳል። ጎረቤታችን ሀጂም አሉ፤ ቡና አዋቂ ናቸው፣ አቦሉን ሳይቀምሱ ማንም አይናገርም። ከጎናቸው የአጎቴ የጥንት የጦር ጓድ ተቀምጧል። ሀጂ ፉት አሉ። ሲኒውን ዝቅ አደረጉ። ድጋሚ ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የኔ እመቤት" አሉ በጨዋ ደንብ፣ "ወላሂ ቡናሽ አይታማም። ግን ይሄ ቡና... ዘመቻ ሄዶ ነበር እንዴ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። የአጎቴ ጓድ ሲኒውን አነሳ፤ አፍንጫው ሥር አድርጎ በረጅሙ ሳበው። ፊቱ ላይ የወጣትነቱ ዘመን ሲመለስ አየሁት።

"የመሣሪያ ዘይት!" አለ። "ኧረ ራሱ ነው! ግምጃ ቤት የገባሁ መሰለኝ!"

አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ብሩሹን አየ። ጀበናውን አየ። እማዬን አየ። ግራ እጁ ከፓሪስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪሱ ወጣ።

"አንቺ... በዚህ ነው የምታጥቢው?"

"እና ምን አለበት? አጥቤ ነው የምመልሰው!"

"ዝገት ነው ብዬ ስንት ሌሊት ነው የተነሳሁት!"

"እኔስ ዘይት ነው ያጠጣኸኝ!"

ቀልድ ቀልድ ሲሆን፣ ነገሩ ለጤና ደግ አይደለም። በርሜል የጠረገ ብሩሽ የባሩድ ጥላሸትና የእርሳስ ብናኝ ይይዛል። እርሳስ ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ለሕፃናት በተለይ መርዝ ነው። ለዚህ ነው መሣሪያ ምግብና መጠጥ ባለበት ክፍል የማይጸዳው። አጎቴ ይህን ያውቃል። ሠልጣኞቹን ሲቆጣበት የኖረ ሕግ ነው። ሶፋው ስለተመቸው ብቻ ነው የተወው፤ ያን ዕለት ከእማዬ ሌላ ማንም ሊነግረው አልደፈረም። እሷ ግን ነገረችው፤ ሙሉ ሰፈር እየሰማ።

ሸክላ የጠጣውን ዘይት አይተፋም። ጀበናው ተጣለ። የጽዳቱ ሥነ ሥርዓት ከሳሎን ወደ ጓሮ ተባረረ። አዲስ ጀበና የመግዛት ዕዳም አጎቴ ላይ ወደቀ።

ሰኞ ባቲ ለሥራ ስወርድ ተከተለኝ። የባቲ የሰኞ ገበያ እንደምታውቁት ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ግመልና ፍየሉን እየነዳ የሚገናኝበት ነው። ሸክላ ተራ ደረስን። አጎቴ አንዱን ጀበና አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንገቱ በኩል ወደ ፀሐይ አየ። አስቀመጠ። ሌላ አነሳ። በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። በመጨረሻ አንዱን መርጦ ጎኑን ሰጠ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ትንፋሹን ያዘ። የጀበናው ጡት አንድ ግመል ላይ ተደግኗል። የግመሉ ባለቤት ደስ አላለውም።

"አባባ" አለች ሻጯ፣ "ዝቅ ያርጉትና በዋጋው እንነጋገር።"

ሳይከራከር ከፈለ። መኪና ውስጥ ጀበናውን ጭኑ ላይ አቅፎ እስከ ደሴ አልተናገረም። እማዬ ተቀበለችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ምንም እንከን አጣችለት። ሊታረቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጀበናውን አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጋሼ፣ ያ ብሩሽ የት ነው የሚሸጠው?"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"አዲስ፣ ሽጉጥ ያልነካው ግዛልኝ። ሁለት አድርገው። አንዱ ለሀጂ ሚስት ነው፤ አዝዛኛለች።"