በሩን ወደ ውጪ ያዞርኩ ዕለት

ቤቴ ጀሞ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ። ስለ ሳሎኑና ስለ መኝታ ቤቱ ዛሬ አላወራም፤ ያው አንድ ክፍል ናቸው። የማወራው ስለ ሻወር ቤቱ ነው። በሜትር ለክቼዋለሁ፦ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ60። ሁለት ካሬ እንኳን አይሞላም። እዚህች ላይ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወር እና 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ተፋፍገዋል። በርሜሉ እዚያ ምን ይሠራል ብሎ አዲስ አበባ የኖረ ሰው አይጠይቀኝም። እኛ ብሎክ ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት ትወዳለች።

በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ገብተህ ለመዝጋት በመቀመጫውና በበርሜሉ መሃል በጎንህ ትሾልካለህ፣ ሆድህን ትስባለህ፣ ከዚያ በሩ አፍንጫህን እየታከከ ያልፋል። የፋሲካ ሰሞን አይሞከርም። አንድ ወፈር ያለ ጓደኛዬ ገብቶ መዝጋት ቢያቅተው፣ ሰው እንዳይመጣበት እስኪጨርስ ድረስ ሲዘፍን ነበር።

አንድ ሌሊት ውሃ እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ ጠባብ ሻወር ቤት የሚያሰፉ ሰዎችን ማየት ጀመርኩ። እነሱ ጠባብ የሚሉት የኔን ቤት ከነበረንዳው ያክላል። ቢሆንም ምክራቸው ገባኝ። በሩ ወደ ውጪ ይከፈት። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይውጣ ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ትልቅ መስታወት ይደረግ። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ዛሬም እመሰክራለሁ። የኔ ጥፋት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ ማድረጌ ነው።

አናጢው መጥቶ ማጠፊያውን ፈታ፣ በሩን አዙሮ ገጠመው፣ ሻይውን ጠጥቶ ሄደ። ባዶውን በርሜል አውጥቼ ኮሪደሩ ጥግ አቆምኩት። ኮሪደር የምለው ከሻወር ቤቱ እስከ ዕቃ ማጠቢያው ድረስ ያለችውን አንድ እርምጃ ነው።

ቅዳሜ ከመርካቶ መስታወት ገዛሁ። ሚኒባስ ላይ እንዴት እንዳመጣሁት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፍሎኛል። ግድግዳው አግሮስቶን የሚባለው ስስ ሰሌዳ ስለሆነ በሚስማር ከመብሳት በሲሊኮን ማጣበቅ ይሻላል አሉኝ። ለጥፌ፣ ጠርዝ ጠርዙን በፕላስተር አስሬ ራሴን አየሁ። እውነትም ሰፋ! ሻጩ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እንዳይነካው ብሎ አስጠንቅቆኛል። ልክ በዚያች ሰዓት ግን ቧንቧው ተንፈቀፈቀና ውሃ መጣች። በቀን! በቅዳሜ! ምን ላድርግ? በሩን ዘግቼ ሻወር ውስጥ ገባሁ። የሚይዘኝ በርሜል የለ፣ የሚገፋኝ በር የለ። ክንዴን ዘርግቼ ታጠብኩ። ዘፈንኩ ሁሉ።

አክስቴ እቴቴ ለሠርግ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኔ ጋ ነበሩ። ውሃ መምጣቷን ሲሰሙ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ጎማውን ከዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ጋር ገጠሙ። ጎማው አጭር ስለሆነ ጥጉ ጋ አልደረሰላቸውም። ባዶ በርሜል ደግሞ ለማንሳት ቀላል ነው፤ ጎማው የደረሰበት ቦታ አምጥተው አቆሙት። የደረሰው ሻወር ቤቱ በር ላይ ነው። እስከ አፉ ሞሉት፣ ከደኑት፣ ነጠላቸውን ለብሰው ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ሄዱ።

እኔ ተለቃልቄ፣ ፎጣዬን አገልድሜ በሩን ገፋሁት። የጣት ያህል ተከፈተና ቆመ። በስንጥቁ አየሁ። ሰማያዊ። እንደገና ገፋሁ። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ እኔ 62 ነኝ። በሩ እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሳብ አድርጌ፣ በርሜሉ ላይ ተንጠላጥዬም ቢሆን እወጣ ነበር።

“እቴቴ!” ዝም። ስልኬ ውጪ ቻርጅ ላይ ነው። መቀመጫው ላይ ቆሜ፣ ሁለት መዳፍ በማትሞላው መስኮት አፌን አውጥቼ ጮህኩ።

“ማነው?” አለች የላይኛዋ ጎረቤቴ።

“እኔ ነኝ፣ ከታች! ሻወር ቤት ነኝ!”

“እኔም ሻወር ቤት ነኝ! ምን ላድርግልህ ታዲያ?”

ተቆልፎብኝ ነው ብዬ እስካስረዳት፣ እሷም ታጥባ ጨርሳ፣ ለባብሳ እስክትወርድ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ቁጭ ብዬ ሻወር ቤቴን ሳጠና ቆየሁ። የእጅ መታጠቢያው ፊት ለፊት ከሚገተር የማዕዘን ቢሆን ዳሌዬ ባልበለዘ። ከበሩ በላይ ባዶ ቦታ አለ፤ አንዲት መደርደሪያ ሶፍቱንም ሳሙናውንም ትይዛለች። ሴራሚኩ ትንንሽና ጥቁር ነው፤ ሰፋፊና ነጣ ያለ ቢሆን ያ ሁሉ መስመር ዓይን አይቆራርጥም። ወለሉ ደግሞ በሜትር አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ሲገባው ወደ በሩ ነው ያዘነበለው። ይህን ያወቅኩት የታጠብኩበት ውሃ ተሰብስቦ እግሬ ሥር ሲመጣ ነው። መስታወቱ ግን አንደኛ ነው። የታሰርነው ሁለት ሰዎች መሰልን።

መጨረሻ ላይ የሰው ድምፅ መጣ። እቴቴ በር የመቆለፍ ልማድ ስለሌላቸው ብሎኩ ሁሉ ዝም ብሎ ገባ። ሊገፉት ሞከሩ፤ ኮሪደሩ ግን ከአንድ ሰው ትከሻ በላይ አያስገባም።

“ድፉት!” አልኩ ከውስጥ።

ጸጥ አለ።

“ምን?” አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ። “ውሃ? ይደፋ? ልጄ፣ ደህና ነህ?”

“ወድቀህ ጭንቅላትህን ተመተሃል እንዴ?” አለች የላይኛዋ።

ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሩጫ፣ የጀሪካን መንኳኳት። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች እየተቀባበሉ በጆግ መቅዳት ጀመሩ። እኔም በስንጥቁ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ወረፋ ላይ የተጣሉም ነበሩ። ሰባተኛው ላይ በሩን ስገፋው በርሜሉ ተንቀሳቀሰ።

“በቃ! መውጣት እችላለሁ!”

“ቆይ እንጂ ወንድሜ” አለኝ አንድ የማላውቀው ድምፅ፣ “ትንሽ ነው የቀረችው።”

አስረኛው ሞልቶ ነው የለቀቁኝ። በፎጣ ዘጠኝ ሰው ፊት ወጣሁ። “እንኳን ለዚህ አበቃህ” አሉኝና እያንዳንዳቸው ጀሪካናቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሮጥኩ። ቧንቧው አንዴ ሳለና ዝም አለ። ፈረቃችን አልቋል።

እቴቴ የቡና ቁርስ ፈንዲሻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተመለሱ። በርሜሉን ከፈት አድርገው አዩ።

“እኔ አፉ ድረስ ሞልቼ አልነበረም እንዴ የሄድኩት? ምን ብትታጠብ ነው?”

ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። አንገታቸውን ወደ ሻወር ቤቱ አስግገው መስታወቱን አይተው ቀርተዋል።

“ውይ፣ ሲያምር! ሜዳ አደረግኸው እኮ” አሉ። “ታዲያ ይህን የሚያህል ቦታ እያለህ፣ በርሜሉን ለምን እዚህ አታስገባውም?”