«የምጽፈውን ሁሉ ታያለህ እንዴ?»

የቤተሰቡን ቻት ወደ ራሴ ሰርቨር፣ መልእክት ተቀብሎ ወደሚያደርስ የራሴ ማሽን፣ ያዛወርኩ ሰሞን ነው። አክስቴ ስልክ ላይ አዲሱን አፕ ጭኜ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚላክ እያሳየኋት ነበር። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ይሄ ነገር ያንተ ማሽን ላይ ነው ያለው፣ አይደል? ታዲያ የምጽፈውን ሁሉ ታያለህ እንዴ?» አለችኝ።

ስዘጋጅ ስለ ዲስክ፣ ስለ ሜሞሪ፣ ስለ ዶሜይን ብዙ አስቤያለሁ። ይህን ጥያቄ ግን አላሰብኩትም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ኩባንያ ዘንድ የነበረኝ የመልእክት አካውንት በአንድ ጠዋት ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የነገረኝ የለም። ደጋግሜ አቤት አልኩ፤ የሚመጣልኝ መልስ ሁልጊዜ ያው አንድ አንቀጽ ነበር። እዚያ ውስጥ አባቴ ከማረፉ በፊት የላከልኝ የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። ረጅም ነገር አይደሉም። «ደረስክ ወይ?» «በላህ?» የሚሉ ናቸው። አውርጄ አላስቀመጥኳቸውም። አሁን የሉም።

ከዚያ በኋላ የቤተሰቤ ወሬ እኔ ቁልፉን በማልይዘው ቤት እንዲያድር አልፈለግኩም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ማትሪክስን ነው። ማትሪክስ አፕ አይደለም፤ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ልክ እንደ ኢሜይል፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሌላ ሰርቨር ላይ ላለው ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተጀመረው። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ የሠራው ቻፕ የተባለው መልእክት መለዋወጫም በእሱ ላይ የቆመ ነው። እኔ ሲናፕስ የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራም ጫንኩ፤ ስልክ ላይ ኤለመንት የሚባለውን አፕ። ሲያዩት ያምራል። ግን ትልልቅ የሕዝብ ግሩፖች ውስጥ እንደገባሁ ባለ 2 ጊጋባይቷ ማሽኔ ትንፋሽ አጠራት። በማትሪክስ አንድ ግሩፕ ውስጥ የተሳተፈ ሰርቨር ሁሉ የግሩፑን ታሪክ የራሱ ቅጂ አድርጎ ይይዛል። ግሩፑ የአንድ ሰው ንብረት እንዳይሆን የሚያደርገው ይኸው ነውና ጥሩ ሐሳብ ነው። ለአሥራ አንድ ዘመዳሞች ግን ከበደኝ።

ስለዚህ ወደ አሮጌው ኤክስኤምፒፒ ሄድኩ። እሱም እንደ ማትሪክስ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃበር በሚል ስም የተጀመረ። ሰርቨሬ ላይ ፕሮሶዲ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ፤ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ኮንቨርሴሽንስ፣ አይፎን ላይ ሞናል የሚባሉትን አፖች። ሁሉም ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ኮዳቸውን ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ፕሮሶዲ እኔ ማሽን ላይ መኖሩም አይታወቅም፤ በጣም ቀላል ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ጂትሲ የሚባለውን ጨመርኩ።

ደንቡ ክፍት መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግን ታሪኩ ይናገራል። ጉግል ቶክ የተባለው የጉግል ቻት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ በዚሁ ኤክስኤምፒፒ ነበር የሚሠራው። ቆይቶም ለሌሎች ሰርቨሮች በሩን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ሃንግአውትስ የተባለ ሌላ ቻት ሊተካው ሲያመጣ ግን፣ አዲሱ ያ በር አልነበረውም። ሰው ሁሉ አንድ ቤት ከገባ፣ ባለቤቱ በሩን የዘጋ ቀን ደንቡ ምን ይፈይዳል? እኔ ብዙ ትንንሽ ሰርቨር ቢኖር የምወደው ለዚህ ነው። ሰርቨር ለመያዝ ጊዜ የሌለውን ሰው ግን ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ተጠቀም እለዋለሁ። የራስህ ቤት ባይሆንም ምስጠራው፣ ማለትም መልእክቱን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፍበት መንገድ፣ አስተማማኝ ነው።

አክስቴ መልስ እየጠበቀች ነው። ኦሜሞ የሚባለው ምስጠራ መልእክቱን የሚቆልፈው እዚያው ስልኳ ላይ ነው፤ ሰርቨሬ የሚያየው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። እዚህ ላይ አቁሜ «አላይም» ብላት ደስ ይላት ነበር። እውነቱ ግን ግማሽ ይሆናል። «የምትጽፊውን አላይም» አልኳት። «ለማን፣ መቼ እንደጻፍሽ ግን ማየት እችላለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ካወቅኩት ይበቃኛል። አደራ ግን» አለች።

ያቺ «አደራ» ብዙ ነገር አስቀየረችኝ። የሰርቨሩን የእንቅስቃሴ መዝገብ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቆይ አደረግኩ። መልእክቶቹም እየተቆለፉ ቢሆንም ከሰባት ቀን በኋላ ከሰርቨሩ ይጠፋሉ፤ የሚቀሩት በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ባክአፑ፣ ማለትም የሰርቨሩ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ተመስጥሮ ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

አንድ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ነገር ቆመ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት የሰጠኝ ሰርተፊኬት፣ ሰርቨሩ የእኔ መሆኑን ለስልኮቹ የሚያረጋግጠው ፋይል፣ የ90 ቀን ነበር። በጊዜው ታድሷል፤ ፕሮሶዲ ግን አዲሱን ፋይል አላገኘም፣ የማድረሱን ትእዛዝ የረሳሁት እኔ ነኝ። እናቴ በተራ ስልክ ደውላ «ምን ሆነሃል? መልስ የለህም» ስትለኝ ነው ያወቅኩት። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ስጋት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማሽኑ ራሱ ይነግረኛል።

እኔ ብታመምስ? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። አካውንቱን የዘጋብኝ ኩባንያ እንኳ ሌሊት የሚነሳ ተረኛ አለው። እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ አስገባኋት። መመሪያውን በወረቀት ጻፍኩላት። ባለፈው ቅዳሜ ባዶ ማሽን ፊቷ አስቀምጬ፣ ሰርቨሩን ከባክአፕ መልሺ አልኳትና አፌን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስቱን እርምጃ ቶሎ ጨረሰች። አራተኛው ላይ ቆማ ዞር ብላ አየችኝ። የባክአፑ ፓስወርድ የት እንዳለ አልጻፍኩም ነበር።

አሁን ጽፌዋለሁ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ትሞክረዋለች።