ቀን 5 ኪሎ፣ ማታ 6 ኪሎ

ቀን 5 ኪሎ መካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ ማታ 6 ኪሎ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ግን ደስ አለኝ። ጠዋት ለፕሮጀክታችን ፓምፕ ስንመርጥ፣ የግሩፔ ልጆች ውዱን ግን ኤሌክትሪክ ቆጣቢውን መረጡ። ማታ ደግሞ መምህሩ ወለድ 10 በመቶ ከሆነ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ብር ዛሬ የሚያወጣው 386 ብር ገደማ ብቻ መሆኑን አሰላልን። ወዲያው ፓምፑ ትዝ አለኝ። ቁጠባው በየዓመቱ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው ግን ዛሬውኑ ዱብ ይደረጋል። ደብተሬ ጀርባ ላይ ሞከርኩት። ርካሹ አሸነፈ! (የመብራት ታሪፍ ካልጨመረ ማለቴ ነው።)

ነገ ለልጆቹ ላሳያቸው ነው። «ነጋዴ ሆንክ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ፤ የወጪ ስሌቱ ሳይገባ ግን ሪፖርቱ አይታተምም።