መስመር በመስመር፦ የጄይ ማይነር የሥራ ዘመን

በየማለዳው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ መንገድ እወርዳለሁ። ሥራዬ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽኖችን የሚቆጣጠሩ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችን መጠገን ነው። ባለፈው ወር ለተግባር ልምምድ የመጣች አንዲት የምህንድስና ተማሪ ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈተ ቦርድ እያየች፣ «ጋሼ፣ ዋናው ፕሮሰሰር እያለ ይህ ሌላው ቺፕ ለምን አስፈለገ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሞተርን በደቂቅ ጊዜ ልክ ማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ ለሚበዛበት ፕሮሰሰር የሚተው ጉዳይ ስላልሆነ ነው አልኳት፤ መልሴ ግን ለእኔው ራሴ አልበቃኝም። ማታ ቤቴ ስገባ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን፣ ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ ጨዋታ የሚጫወቱበትን አሮጌ የአታሪ መጫወቻ አውርጄ ተመለከትኩት። ለጥያቄዋ ከሁሉ የተሻለው መልስ የዚህን መሣሪያ የምስልና የድምፅ ቺፕ ሥራ የመራው የጄይ ማይነር የሥራ ዘመን ነው ብዬ ስለማምን ይህን ጽፌያለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጫወቻውን ያመጣልን አጎቴ ነው፤ ከጅዳ ሲመለስ። ልጅ ሆኜ ማንም ሳያየኝ ክዳኑን ፈትቼ ውስጡን ሳይ ያገኘሁት ሦስት ትልልቅ ቺፖችን ብቻ ነበር፤ አንዱ ባለ 28 እግር፣ ሁለቱ ባለ 40 እግር። ያን ሁሉ ጨዋታ የሚያሳይ ዕቃ በዚህ ብቻ ይሠራል ብዬ ማመን አቅቶኝ፣ የጎደለ ነገር ያለ መስሎኝ ደንግጬ መልሼ ዘጋሁት። ባለ 28 እግሩ 6507 የተባለው ፕሮሰሰር መሆኑን፣ ከሁለቱ አንደኛው የጆይስቲኩን መልእክት የሚቀበልና 128 ባይት ሜሞሪ የያዘ መሆኑን፣ ሌላው ደግሞ ቲ.አይ.ኤ. የሚባለው የምስልና የድምፅ ቺፕ መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

ማይነር በ1932 በአሪዞና ተወለደ። ኤሌክትሮኒክስን የጀመረው በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ሲያገለግል ነው፤ ከዚያም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተምሮ በ1958 ተመረቀ። በ1973 ሲነርቴክ የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አታሪ ሄደ። የቲ.አይ.ኤ.ን መሠረታዊ ሐሳብ የጀመሩት ስቲቭ ማየርና ሮን ሚልነር ሲሆኑ፣ ጆ ዴኩር በሙከራ ቦርድ ላይ ሲሠራበት ቆይቶ ወደ ቺፕነት የመለወጡን ሥራ ማይነር መራው። መሣሪያው በ1977 ገበያ ላይ ዋለ።

የዚህን ቺፕ ጥበብ ለመረዳት እንደ እኛ አካባቢ ሰው የሚመች የለም፤ የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው እንደ ሸማ ነውና። ሸማኔው መወርወሪያውን በድሩ መካከል እያሳለፈ ማጉን አንድ በአንድ እንደሚጨምር ሁሉ፣ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥንም ጨረሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያሰመረ ይወርዳል። የመሣሪያው ምስል በአግድም 160፣ በቁመት ደግሞ በአሜሪካው ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ 192 ነጥብ ስለነበረው፣ ሙሉውን በሁለት ቀለም ብቻ እንኳ በሜሞሪ ለማስቀመጥ 3,840 ባይት ያስፈልግ ነበር። ያለው ግን 128 ባይት ነው። ሜሞሪ ውድ በነበረበት በዚያ ጊዜ ንድፍ አውጪዎቹ የወሰዱት መፍትሔ ድፍረት የተሞላበት ነበር፤ ቺፑ ሙሉውን ሸማ ትቶ የአንዲቱን ማግ ንድፍ ብቻ እንዲይዝ አደረጉ። እሱም የጀርባው ቅርጽ፣ ሁለት ተጫዋቾች፣ ሁለት ጥይቶችና አንድ ኳስ ናቸው። ጨረሩ ወደሚቀጥለው መስመር ሲሻገር አዲሱን ጥለት የማቀበሉ ኃላፊነት በፕሮግራሙ ጸሐፊ ላይ ወደቀ። ለእያንዳንዱ መስመር ያለው ጊዜ 76 የፕሮሰሰር ምት (ፕሮሰሰሩ ሥራውን የሚለካበት እጅግ አጭር የጊዜ ክፍል) ነው፤ አንድ ትእዛዝ ደግሞ ከ2 እስከ 7 ምት ይወስዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ምቱን በጣቱ እየቆጠረ፣ ቀለሙን ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ እየቀየረ፣ የቀረችውን ጥቂት ጊዜ ለጨዋታው ሕግ ማዋል ነበረበት።

ይህ ንድፍ ለተጠቃሚው ርካሽ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊው ግን አድካሚ ነበር። ቺፑ በዋናነት የታሰበው ለቀላል የኳስና የታንክ ጨዋታዎች ቢሆንም፣ የጸሐፊዎቹ ትጋት ካሰቡት ብዙ አርቆ ወሰደው። እኔ ማይነርን የማከብረው በዚህ ስኬት ረክቶ ስላልቀረ ነው። ቀጥሎ የሠራቸውን ሥራዎች በተርታ ሳስቀምጣቸው፣ በዚያ በመጀመሪያው ቺፕ በሌሎች ትከሻ ላይ የጫነውን ሸክም ደረጃ በደረጃ መልሶ ሲያነሣ ይታየኛል።

በ1979 የወጡት አታሪ 400 እና አታሪ 800 የቤት ኮምፒውተሮች አንቲክ የተባለ ቺፕ ነበራቸው፤ የቺፖቹን ሥራ የመራው ማይነር ነው። አንቲክ የራሱ የትእዛዝ ዝርዝር አለው፤ ከሜሞሪ ራሱ እያነበበ የትኛው መስመር በምን ዓይነት እንደሚታይ ይወስናል። ፕሮሰሰሩም መስመር ከመቁጠር በአብዛኛው አረፈ።

ማይነር ከዚያ በኋላ 68000 በተባለ ፕሮሰሰር የሚሠራ አዲስ ኮምፒውተር እንሥራ ብሎ ቢጠይቅም አታሪ አልተቀበለውም፤ እሱም ለቅቆ ወጣ። ለልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በሚሆኑ ቺፖች ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1982 አንድ አነስተኛ ኩባንያ ተቀላቀለ፤ ኩባንያው ኋላ ላይ አሚጋ ተባለ። እዚያ ከባልደረቦቹ ጋር ለአዲስ ኮምፒውተር ሦስት ቺፖችን አወጣ፤ አግነስ የሜሞሪውን ዝውውር ትመራለች፣ ዴኒዝ ምስሉን ታወጣለች፣ ፓውላ በአራት መስመር ድምፅ ታሰማለች። በአግነስ ውስጥ ደግሞ ኮፐር የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ የሚያውቀው ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ጨረሩ የተባለው ቦታ እስኪደርስ ጠብቅ፣ ይህን ዋጋ እዚህ አስቀምጥ፣ አልፎ ከሆነ ዝለል። በ1977 የፕሮግራም ጸሐፊው 76 ምት እየቆጠረ በእጁ ይሠራው የነበረው ሥራ ማለት ይህ ነው። ለተማሪዋ ልነግራት የፈለግሁትም ይህን ነበር፤ ያ ሌላው ቺፕ ጨረሩን ወይም ሞተሩን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምትክ ነው።

ከሥራው ሁሉ አንድ ታሪክ በተለይ እወዳለሁ። አሚጋ ተብሎ የተጠራው ይህ ኮምፒውተር በተለመደው መንገድ ከ4,096 ቀለሞች መካከል በአንድ ጊዜ 32 ያህሉን ያሳይ ነበር። ማይነር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በግራው ካለው ነጥብ ቀለሙን ወርሶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ እንዲለውጥ የሚያደርግ ዘዴ በቺፑ ውስጥ አስገባ። የኮምፒውተሩ የቀለም አወጣጥ ሲቀየር ዘዴው እምብዛም አይጠቅምም ብሎ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ቢወጣ ግን ቺፑ መካከል ባዶ ቦታ እንደሚቀር፣ እንደገና ለመሣልም ጊዜ እንደሌለ ስለተነገረው ተወው። በኋላ 4,096ቱንም ቀለሞች በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ያሳየው ይኸው ሊወጣ የነበረው ዘዴ ነው። በእጄ ቦርድ ስጠግን ትርፍ መስሎኝ ላነሣው የነበረውን ክፍል ተመልሼ እንድመረምር ያስተማረኝ ይህ ነው።

ኩባንያውን በ1984 ኮሞዶር የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ገዛው፤ ኮምፒውተሩም ሐምሌ ወር 1985 ኒው ዮርክ ላይ በ1,295 ዶላር ቀረበ። የመጀመሪያው አሚጋ ክዳን ሲከፈት በውስጡ የሠሪዎቹ ፊርማ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከፊርማዎቹ መካከል ሁልጊዜ ከማይነር ጋር ቢሮ ትውል የነበረችው የውሻው የሚቺ የእግር ምልክት አለ። ልጅ ሆኜ የከፈትኩት ክዳን ባዶ ስለነበር፣ ይህን ባየሁ ጊዜ ቀናሁ።

ማይነር ለዓመታት የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር። የኩላሊት እጥበት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም በአክስቴ አይቻለሁና፣ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ከዚያ ጋር መሸከሙ ያስደንቀኛል። ኮሞዶር በኤፕሪል 1994 ከሰረ፤ ማይነርም በጁን 20 ቀን በ62 ዓመቱ አረፈ።

ተማሪዋ የአጎቴን መጫወቻ ሳሳያት ክዳኑን ራሷ ፈታችው። ሦስቱን ቺፖች አይታ ቲ.አይ.ኤ. የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት ለየችው፤ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን መስመር በጣቷ ተከትላ ነበር የደረሰችበት።