የኅትመት ወጪያችንን ከምንጩ የቀነስንበት መንገድ

በሥሩ ብዙ ዳይሬክቶሬቶችና ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ባሉት፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎትና የንብረት አስተዳደር ሥራን እመራለሁ። ከሥራዬ አንዱ ወረቀት፣ የፕሪንተር ቀለምና የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና ሳይቋረጥ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ለዓመታት የነበረው ልማድ ግን በጀቱ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አልቆ፣ እስከ ሰኔ 30 ያለው ጊዜ ከሌላ ክፍል በመበደር የሚታለፍ ነበር። በእነዚያ ወራት ከገጠሮቹ ከጀልዴሳ ወይም ከዋሂል በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ባለጉዳይ «ቀለም የለም፣ ውጭ ኮፒ አድርገህ ና» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ መሸፈን የሚገባውን ወጪ ገበሬው ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተነሣሁት በዋናነት ይህን ለማስቀረት ነው።

በመጀመሪያ ያጋጠመን ችግር ወጪው ስንት እንደሆነ አለመታወቁ ነበር። በመንግሥት የሒሳብ መደብ ወረቀትና ቀለም በ6212 በአላቂ የቢሮ ዕቃዎች፣ በማተሚያ ቤት የሚሠራው በ6213 በኅትመት፣ የማሽኖች ጥገና ደግሞ በ6243 ይመዘገባል። የፋይናንስ ባለሙያዎቻችን ሦስቱንም መደቦች በትክክል ይዘዋል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ለማተም በድምሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚናገር ሰነድ አልነበረም። ስለዚህ ከግምጃ ቤቱ ጋር ሆነን ያለፈውን ዓመት የሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ) ሰነዶች በየዳይሬክቶሬቱ ለይተን ደመርን። ቀጥሎም በየወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ከእያንዳንዱ ፕሪንተር የኮንፊገሬሽን ገጽ እያተምን፣ በላዩ የሚታየውን ጠቅላላ የገጽ ብዛት መመዝገብ ጀመርን። ይህ ዘዴ ምንም ሶፍትዌር አያስገዛም፤ የዚህን ወር ቁጥር ካለፈው ወር ጋር በማቀናነስ ማሽኑ ስንት ገጽ እንዳተመ ይታወቃል።

ስንት ገጽ እንደታተመ ማወቅ ግን ምን እንደታተመ አይነግርም። በሰርቨር በኩል ለሚያትሙት ክፍሎች የአይሲቲ ባለሙያዎቻችን በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የኅትመት መዝገብ ከፈቱልን፤ መዝገቡ ሲጫን ተዘግቶ ስለሚመጣ ሆን ተብሎ ካልተከፈተ ምንም አይይዝም። ከተከፈተ በኋላ በቁጥር 307 ሥር ያተመውን ሰው፣ የሰነዱን ስም (በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ስሙ እንዲመዘገብ ለብቻው ሲፈቀድ) እና የገጹን ብዛት ያስቀምጣል። አንድ ሰነድ በ20 ኮፒ ሲታተም ግን በ307 የሚቀመጠው የአንዱ ኮፒ ገጽ ስለሆነ፣ የኮፒውን ብዛት በቁጥር 805 ከተያዘው ወስዶ ማባዛት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ከፍተኛው ፍጆታ ሳይታይ ያልፋል። መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ለሠራተኛው ሁሉ በማስታወቂያ ገልጸናል፤ ማንንም ለመቅጣት እንደማንጠቀምበትም በማኔጅመንት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አስፍረናል። ሠራተኛ ተሰልያለሁ ብሎ ካሰበ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ስለሚሄድ፣ ልኬቱም ሆነ መተማመኑ ይጠፋል።

መዝገቦቹ እንዳሳዩን፣ ብዙው ወረቀት የሚያልቀው ባለጉዳይ በሚስተናገድባቸው መስኮቶች አይደለም። የሚያልቀው እርስ በርሳችን በምንጻጻፈው ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ዳይሬክቶሬት፣ ከዳይሬክቶሬት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ የሚወርደው ዕቅድ፣ ለስብሰባ የሚባዛው ጽሑፍና በየደብዳቤው ግርጌ የሚደረደረው ግልባጭ ዋነኞቹ ነበሩ። ባለ 40 ገጽ ሪፖርት ለ15 ክፍሎች በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ሲታተም 600 ቅጠል ይፈጃል፤ ይህም 500 ቅጠል ከሚይዘው ከአንድ እሽግ በላይ ነው። ያው ሪፖርት በረቂቅ ደረጃ አንድ ጊዜ፣ አስተያየት ከተሰጠበት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ተባዝቶ ይሠራጭ ነበር። በመሆኑም ሥራውን የጀመርነው ከፕሪንተሩ ሳይሆን ደብዳቤው ከሚፈረምበት ጠረጴዛ ነው። ረቂቅ በወረቀት እንዳይሠራጭ፣ ለውስጥ ክፍሎች የሚጻፍ ግልባጭ በሶፍት ኮፒ እንዲላክና የስብሰባ ጽሑፍ በፕሮጀክተር እንዲታይ ተወሰነ። ውሳኔው እንዲጸና ያደረገው ግን የበላይ ኃላፊው በወረቀት የመጣላቸውን ረቂቅ ሳያነቡ መመለሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሮቹን መቀስቀስ አላስፈለገንም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሐሳብ እዚህ ላይ እጅግ ጠቅሞናል። አንዲት ለረጅም ዓመታት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ ባልደረባችን፣ «አቦ፣ ይኼ ግልባጭ እኮ እኛ ጋ ሲደርስ ማንም አያነበውም፤ ፋይል ውስጥ አስገብተን መደርደሪያ እናጣብባለን» አሉኝ። ከዚያም በየወሩ የሚገቡትን ግልባጮች እያዩ፣ ተመልሶ ማንም ያልጠየቃቸውን የደብዳቤ ዓይነቶች ለይተው ሰጡን። ግልባጭ ከማይደረግባቸው ደብዳቤዎች ዝርዝር አብዛኛው ከእሳቸው ማስታወሻ የወጣ ነው።

ሌላው ብዙ ወረቀት የሚያስጥል ነገር የፊደላችን ጉዳይ ነበር። የአንድ ዳይሬክቶሬት ጸሐፊ ፓወር ግዕዝ በተባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ የጻፈችው ዕቅድ ፓወር ግዕዝ ወዳልተጫነበት ኮምፒውተር ሲወሰድ ፊደሉ ወደ ላቲን ምልክቶች ይለወጣል። ርእሱ በሌላ ፊደል የተጻፈ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር በትክክል ስለሚነበብ፣ ከሥሩ ያለውን ሳያይ «ፕሪንት» የሚለውን የሚጫን ሰው አይጠፋም። ፕሪንተሩ አጠገብ ቆሜ ሳይ፣ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ቅጠል አንሥቶ እስኪያነብ ድረስ የቀሩት ገጾች በላይ በላዩ ይወጣሉ፤ ማሽኑን ለማቆም ሲሯሯጥም ሰነዱ አልቆ ይጠብቀዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መለያ ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒያላ የተባለው የዩኒኮድ ፊደልም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ መጥቷል። ስለዚህ አዲስ ሰነድ ሁሉ በዩኒኮድ ፊደል እንዲጻፍ፣ የቆየው ደግሞ ከመላኩ በፊት ወደ ፒዲኤፍ እንዲለወጥ አደረግን። ምንም ወጪ ያልጠየቀ ለውጥ ሲሆን፣ በጽሑፍ ክፍሎች አካባቢ በቆሻሻ ቅርጫት የሚገኘውን ወረቀት ወዲያውኑ ቀንሶታል።

ወደ ማሽኖቹ ስንመጣ፣ በእኛ ቢሮዎች በብዛት ያሉት ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ2035 እና ፒ2055 ናቸው። ሁለቱም 05ኤ የተባለውን ቀለም ይቀበላሉ፤ አምራቹ ለዚህ ቀለም የሚሰጠው ግምት 2,300 ገጽ ያህል ነው። 6,500 ገጽ ያህል የሚያትመውን 05ኤክስ የሚቀበለው ግን ፒ2055 ብቻ ነው። ዋጋን በገጽ ብዛት አካፍሎ የሚገዛ ሰው የትኛው እንደሚያዋጣ ወዲያው ይረዳል። ይሁንና በፕሮፎርማ (ሻጮች በሚሰጡን የዋጋ ማቅረቢያ) ስናወዳድር የምናየው የአንዱን ዕቃ ዋጋ ብቻ ስለነበር፣ ትንሹ ቀለም ሁልጊዜ ርካሽ መስሎ ያሸንፍ ነበር። አሁን የግዥ መጠየቂያችን ላይ የአንድ ገጽ ዋጋ እንዲሰላ አድርገናል። የአምራቹ ግምት ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ተሸፍኖ የተለካ መሆኑም መታወስ አለበት፤ አርማው፣ የጠቆረ ርእሱና ጥላ የተቀባ ሠንጠረዡ የሚበዛበት ሪፖርት ቀለሙን ከግምቱ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የሪፖርት ቅጹን ጥላ አልባ አድርገን ቀየርነው።

ቀጥለን በየጠረጴዛው ያሉትን ፕሪንተሮች ቀንሰን በየፎቁ በኔትወርክ የሚያገለግሉ፣ በሁለቱም ገጽ የሚያትሙ ማሽኖችን መደብን። ከየትኛውም ለውጥ ይበልጥ ቅሬታ ያስነሣው ይህ ነው፤ ቅሬታው ሁሉ ግን መሠረተ ቢስ አልነበረም። የሰው ሀብት፣ የፋይናንስና የሕግ ክፍሎች ምሥጢራዊ ሰነድ በኮሪደር ላይ ማተም ስለማይችሉ የየራሳቸውን ይዘዋል። የባለጉዳይ መስኮቶችም ፕሪንተራቸው አልተነካም፤ ለማተም ፎቅ የሚወጣና የሚወርድ ሠራተኛ ወረፋውን ያረዝማል።

ወረቀት ስንረከብ የምንጠቀምበትን አንድ ቀላል ዘዴ ልጥቀስ። 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ተብሎ የሚሸጥ የኤ4 ወረቀት አንዱ እሽግ ያለ መጠቅለያው 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 70 ግራሙ ግን 2.2 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። መጠቅለያው ላይ 80 ተብሎ የቀረበ ቀጭን ወረቀት አጋጥሞን ያውቃል። ቀጭን ወረቀት ማሽን ውስጥ ይጣበቃል፣ በሁለቱም ገጽ ሲታተም ደግሞ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። ስለዚህ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት የርክክብ ኮሚቴው ከየካርቶኑ አንድ እሽግ አውጥቶ ይመዝናል።

የሚሞላ ቀለምን በተመለከተ፣ በ05ኤ ውስጥ ድራሙ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) ከካርትሪጁ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ፣ ቀለም በተሞላ ቁጥር ያው ያረጀ ድራም ይሠራል። ለውስጥ ሥራ ተቀብለነዋል፤ ለባለጉዳይ በሚሰጥ ማስረጃ ላይ ግን ጥቁር መስመር ያለበት ወረቀት እንዲወጣ አልፈቀድንም።

ይህ ሁሉ የተፈተነው የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። የዓመቱ በጀት በቀድሞው ዋጋ ተሰልቶ የጸደቀ ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባው ቀለም ዋጋ ግን ወጣ። በዚያ ዓመት የድልድሉን ቅደም ተከተል ቀየርን። ቀድሞ ለዳይሬክቶሬቶች ተከፋፍሎ የቀረው ለመስኮቶች ይሰጥ የነበረውን ገልብጠን፣ በመጀመሪያ የባለጉዳይ መስኮቶች የዓመት ፍጆታ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ የተረፈው ለዳይሬክቶሬቶች በሩብ ዓመት እንዲከፋፈል አደረግን። በአንድ ሩብ ዓመት ድርሻውን የጨረሰ ክፍል ተጨማሪ የሚያገኘው ዳይሬክተሩ ምን እንደታተመ ገልጾ በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ የተፈራውን ያህል አልበዙም። ሰኔ ውስጥም መስኮቶቹ ቀለም ነበራቸው።

ገና ያልተፈታው ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች የምንልከው ግልባጭ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ስለወጡ የሕግ መሠረቱ አለ። ነገር ግን ተቀባዩ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የሚታተምበት ማኅተም) ያረፈበትን ወረቀት ካላየ አልመዘግብም ሲል የእኛ ውስጣዊ ውሳኔ ብቻውን አይበቃም። አሁን የምንሠራው አብዝተን ከምንጻጻፋቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር ነው፤ ዋናው ደብዳቤ በወረቀት ሆኖ ግልባጩ በፒዲኤፍ እንዲላክ ከመዝገብ ቤት ኃላፊዎቻቸው ጋር አንድ በአንድ እየተነጋገርን፣ የተስማማንበትን በደብዳቤ እያጸናን እንገኛለን።