ወደ ግራ የምትጎትተው መኪና

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ስትሠራ የሚመጣልህ ነገር ይታወቃል። ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ቪትዝ፣ አልፎ አልፎ አንድ የደከመ ትራክተር። ስለዚህ አንድ ደንበኛችን «እቤቴ የስፖርት መኪና እየገጣጠምኩ ነው፣ መጥታችሁ እዩልኝ» ሲሉ አለቃዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቀልድ አልነበረም። ሰውዬው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሽምብጥ ካለው ቤታቸው ጀርባ ቆርቆሮ ጣሪያ አሠርተው፣ ወለሉን ሊሾ አስደርገው፣ መሐል ላይ በርም ጣሪያም የሌላት ዝቅ ያለች ነገር አቁመዋል። ነገሯ የሎተስ ሰቨን፣ የዚያች ቀላል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ዘመድ ናት። ሰቨንን እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ነው ያወጣው፤ ያኔ እንግሊዝ አገር ሙሉ መኪና ሲገዛ ግብር ይከፈልበት ነበር፣ ዕቃው ተበትኖ ከተገዛ ግን አይከፈልበትም፣ እናም ሰው እየገዛ እቤቱ መግጠም ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የመሥራት መብቱ ካተርሃም ወደሚባል ኩባንያ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳዩን የሚሠራው ብዙ ነው። የጋሼዋ ሻንሲዋና አፍንጫዋ ከውጭ በሣጥን የመጡ ናቸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፍራንሻሉ ግን ከአንድ አሮጌ፣ በኋላ ጎማ ከሚነዳ ኮሮላ የወጡ ናቸው፤ ሞተሩ 4ኬ የሚባለው፣ 1290 ሲሲ። ፍሬኑም የኮሮላው ነው። ይሄን ሳይ ደስ አለኝ፣ ቢያንስ መለዋወጫ አይቸግረንም።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። ሞተሯ ታስላለች፣ ጭሷ ጥቁር ነው፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ለብሷል። ካርቡሬተሩ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው፣ የተስተካከለውም ለባሕር ጠለል አካባቢ አየር። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዛው ልክ ስለማይቀንስ ይበዛባታል። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ቡሎን ጠበብ ባለች ቀየርናት፣ ካንዴላው ቡናማ ሆነ፣ አለቀ።

ጉዱ የመጣው ስትነዳ ነው።

ሰሌዳ ስለሌላት መንገድ ላይ አትወጣም። ከዓባይ ማዶ የዘመዳቸው መጋዘን አለ፣ ግቢው ሰፊ፣ አስፋልቱም ደልዳላ። በአይሱዙ ጭነን ወሰድናት። በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ስናቋርጥ አንድ ባጃጅ 380 ሜትሩን ሙሉ ከጎናችን አልለቀቀም። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ይቺ ባጃጅ አራተኛ ጎማ መቼ ገባላት?» ይለናል። ጋሼ አልሳቁም።

ግቢው ውስጥ በ60 እየነዱ ፍሬን ረገጡ። የፊት ቀኙ ጎማ ቆልፎ ጮኸ፣ አፍንጫዋ ወደ ግራ ሄደ። ደገሙት። ያው።

እንዲህ ሲሆን የትኛውም ጋራዥ ብትሄድ የምትሰማው አንድ ቃል ነው፤ ፍሬን። አለቃዬ አየሩን አስወጣ። አልተለወጠም። አዲስ የፍሬን ሸራ አስገዛ። አልተለወጠም። እኔ ያልኩት የግራውንና የቀኙን እናለዋውጥ ነው፤ ችግሩ የዕቃው ከሆነ ከዕቃው ጋር ወደ ግራ ይዞራል። አለዋወጥን። አሁንም የሚቆልፈው ቀኙ ነው። ጎማዎቹንም ከነቸርኬያቸው አቀያየርን፣ አሁንም ቀኙ። ስለዚህ ፍሬንም ጎማም አይደለም።

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ነበር። የቀኙ ፍሬን በርትቶ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ወደ ቀኝ ነበር የምትጎትተው። ጎማ መሬት የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው፤ ክብደት ያነሰበት ቶሎ ይቆልፋል፣ ክብደት የበዛበት ደግሞ መሬቱን ይዞ መኪናዋን ወደ ራሱ ይስባል። ጋሼን ወንበሩ ላይ እንዲቆዩ ለመንኳቸውና ክሪክ ከፊት ሻንሲው ሥር ልክ መሐሉ ላይ አስገባሁ። ቀስ እያልኩ ሳነሳ ቀኙ ጎማ ቀድሞ ከመሬት ለቀቀ። ግራው ገና ተጭኖ ተቀምጧል።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ። «እኔ መዝኛታለሁ።» ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። ከእህል ነጋዴ አራት ሚዛን ተውሰው በአራቱም ጎማ ሥር አድርገው መዝነዋል። የፊት ሁለቱ እኩል፣ የኋላ ሁለቱ እኩል፣ ድምሩ 560 ኪሎ። እውነት ለመናገር ቁጥሩ እንዲህ ማማሩ ነው ያጠራጠረኝ።

«ጋሼ፣ ሲመዝኑ ወንበሩ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ወለሉስ ልክ ነው?»

«ወለሉን ራሴ ቆሜ ነው ያሠራሁት» አሉ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው።

እውነታቸውን ነው፣ ቆመው ነው ያሠሩት፣ ጥሩም አሠርተዋል። ባሕር ዳር ክረምት ላይ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ሰው ወለል ሲያሠራ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ ማዘንበሉን አይረሳም። ጎረቤት አጥር ከሚሠራ ግንበኛ ያችን ውሃ የተሞላች ግልጽ ቱቦ ተዋስንና አራቱ ጎማ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ በአንድ ለካን። ሦስቱ ልክ ናቸው። የፊት ግራው፣ ቦዩ አጠገብ ያለው፣ ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል። ወለሉ ሙሉ በሙሉ በአንድ በኩል ቢያዘነብል ይሄን ያህል ባልጎዳ ነበር። አንድ ማዕዘን ብቻ ሲሰምጥ ነው ጉዱ። ረከቦት ያልተስተካከለ መሬት ላይ ስታስቀምጥ በሁለቱ ሰያፍ እግሮቹ ነው የሚቆመው፣ መኪናም እንደዛው።

ጋሼ ያደረጉት ይሄ ነው። የፊት ግራው ጎድጓዳ ላይ ስለቆመ ሚዛኑ ሲያንስ አዩና የግራውን ሞላ እያጠበቁ እኩል አደረጉት። መኪናዋ ደልዳላ አስፋልት ላይ ስትወርድ ያ የተጨመረው ሁሉ የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ላይ ወጣ። ከባድ መኪና ቢሆን ምናልባት ሳያስታውቅ ያልፋል። እዚህ ግን ሾፌሩ ብቻውን የመኪናዋን አንድ ሰባተኛ ይመዝናል።

ጎድጓዳውን ላሜራ ደራርበን ሞላነው። የጎማዎቹን ንፋስ ግራና ቀኝ አስተካከልን፣ ቤንዚን ግማሽ ታንክ አደረግን። ጋሼ 80 ኪሎ ናቸው፣ ነገር ግን ቁልፍ የያዘ ሰው እያዩ ዝም ብለው መቀመጥ አይችሉም፤ በእሳቸው ፋንታ አንድ ከረጢት ሲሚንቶና 30 ኪሎ በቆሎ ወንበሩ ላይ አሰርን። ሞላው እንዲረጋ ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረግናት፣ ከዚያ ሚዛኑ ላይ።

የፊት ግራ 170፣ የፊት ቀኝ 125። የኋላ ግራ 165፣ የኋላ ቀኝ 180። ድምር 640። ዋናው የሰያፉ ድምር ነው፤ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ 350፣ ሌላኛው ሰያፍ 290።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ክርክር ገባን። እሳቸው የሚፈልጉት የፊት ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ነው። አይሆንም። ሞላ ብታጠብቅም ብታላላም የግራው ድምር አይቀየርም፣ የቀኙም አይቀየርም፣ የፊቱም የኋላውም እንዲሁ። ሾፌሩ ግራ ተቀምጧል፣ ግራው ይከብዳል፣ ያን በቁልፍ አትፈታውም። በሞላ የምታስተካክለው ሰያፉን ብቻ ነው። የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን ላላ፣ ሌሎቹን ጠበቅ፤ ትንሽ ትንሽ፣ በየመሐሉ እየገፉ እያረጋጉ። ሁለቱም ሰያፍ 320 ላይ ሲገናኙ ፊት ግራ 155፣ ፊት ቀኝ 140 ሆነ፤ ኋላ ደግሞ 180 እና 165።

ጋሼ ወረቀቱን ደምረው ቀንሰው ሲያበቁ «ልክ ነው» አሉ። መሐንዲስ ናቸው፣ ድምር አይክዱም። ባትሪውን ወደ ቀኝ ለማዛወር ግን አሁንም እያሰቡ ነው።

መጋዘኑ ግቢ ተመልሰን ሞከርናት። በ60 ረገጡ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። እስከ ጥግ ከተረገጠ ቀኙ አሁንም ትንሽ ይቀድማል፣ መሪው ግን ከእጅ አይታገልም።

የቀረው ሒሳብ ነበር። አለቃዬ አዲሱን ሸራ ደረሰኙ ላይ ጻፈው። ጋሼ «ፍሬን አልነበረም እኮ» አሉ። አለቃዬም «ወለሉንም እኛ አላሠራነውም» አላቸው። በግማሽ ተስማሙ። የወጣው ሸራ ብዙም ስላልተበላ እኛ ጋ ቀርቷል፤ ኮሮላ ያለው ሰው ከመጣ በቅናሽ እንሰጠዋለን።