ጀበናዋ በመጨረሻ ቀጥ ብላ ቆመች

የጀበና ቅርጽ ያለው ባርኔጣዬ ከራስ ላይ መንሸራተቱን ተወ። እኅቴ ሰርግ ላይ ደፍታው እስክስታ ወርዳበታለች፤ ንቅንቅ አላለም። እጅግ ደስ ብሎኛል።

ሲናማይ የተባለውን ጨርቅ ማራስ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ መወጠር፣ በውኃ የቀጠነ ሙጫ መቀባትና ማድረቅ በልምምድ ይመጣል። ጨርቁን ግን በሰያፍ ቁረጡት፤ ያለዚያ ለክብ ቅርጽ አይታዘዝም።

መከራ ያሳየኝ ሚዛኑ ነው። ጀበና አንገተ ረጅም ናት፤ ከቅንድብ በላይ ጋደል ስትል ክብደቷ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ላስቲኩን አጠበቅሁት፤ ራስ ከማሳመም በቀር አልረዳም። ሽቦ ጨመርሁ፤ ይብሱን ከበደች። መፍትሔው የተገኘው ከሥር ነው። መቀመጫዋን አስፍቼ በእኅቴ ራስ ልክ አጎበጥሁት፤ እጀታዋን ደግሞ መቅጃዋን እንዲመዝን ወደ ኋላ አዞርሁት። ላስቲኩ ከጆሮ ኋላ አልፎ ማጅራት ላይ በሹሩባው ሥር ተደበቀ። ሹሩባ ላስቲክን አጥብቆ ይይዛል፤ ለልሙጥ ፀጉር ግን ከውስጥ ትንሽ ማበጠሪያ መስፋት ያስፈልጋል።

ጠርዝ ላይ የሚሰፋውን ሽቦ አስቀድማችሁ በአውራ ጣት እያሻችሁ ከጥቅልሉ የያዘውን ጉብጠት አውጡለት። በትኩስ ሙጫ መለጠፍን ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሙጫ ይከብዳል፣ ሙቀት ያላቅቀዋል፤ በመርፌ የተያዘ ግን ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

«ለዚህች ለቀልድ ለምትመስል ነገር ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚሉ አሉ። የፋሽን ንድፍ ባለሙያዋ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. በ1937 ከሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ጋር የሠራችው ባርኔጣ የተገለበጠ የሴት ጫማ ነበር፤ ተረከዙ ወደ ላይ ቆሞ። ሲያዩት ያስቃል፤ እንዲያ እንዲቆም ያደረገው ልፋት ግን አይታይም። ባርኔጣ ሠሪው ፊሊፕ ትሬሲ የሠራውና የእንግሊዟ ልዕልት ቢያትሪስ እ.ኤ.አ. በ2011 በልዑል ዊሊያም ሰርግ ላይ ያደረገችው ባርኔጣም ብዙ ተሳቀበት፤ በኋላ ለበጎ አድራጎት ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ በጨረታ ከ81,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። ያ ገንዘብ የተከፈለው ለዝናውና ለበጎ ሥራው ነው። በአንድ ሰው ራስ ልክ በእጅ ለተሰፋ ባርኔጣ ግን ውድ ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ። ይህን እያልሁም፣ ሰው ዋጋ ሲጠይቀኝ የጨርቁንና የሽቦውን ብቻ እናገራለሁ፤ የእጄን ዋጋ መጥራት አሁንም ይከብደኛል።

ሲናማይ የሚሸመነው በፊሊፒንስ ከሚበቅለው የአባካ ቃጫ ነው፤ አባካ ደግሞ የእንሰት ዘመድ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ባርኔጣ በእንሰት ቃጫ ልሞክር ተነሥቻለሁ። በእጄ ያለው ቃጫ ለገመድ የተዘጋጀ ሸካራ ነው። አለስልሶ በስሱ መሸመን የሚችል ሰው የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።